ሱቄ ቦርሳዬ ነው፣ የኪራይ ውል ከየት ላምጣ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ይሄን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ደወሉልኝ። "ቦይለሩ ይጮሃል፣ ና እስቲ እይልኝ" አሉኝ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ወጣሁና አየሁት። ከቦይለሩ ሥር የምትገጠም ትንሽ ቫልቭ አለች፣ ሴፍቲ ቫልቭ የምትባል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ያኔ እሷ ከፈት ትልና ጠብ ጠብ እያደረገች ታስተነፍሰዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ከኔ በፊት የተጠራው ልጅ ግን "ያፈሳል" ስላሉት ቫልቯን ነቅሎ በቦታዋ ተራ ኒፕል፣ ማለት የማይተነፍስ የቧንቧ ማገናኛ፣ አስገብቶበታል። ጠብ ጠብ ማለቱ ቆመ። እሳቸውም ተሠራልኝ ብለው ደስ ብሏቸው ከፈሉት። ውሃው ሲሞቅ መብራቱን የሚቆርጠው ቴርሞስታት አንድ ቀን አልቆርጥም ቢል ውሃው መተንፈሻ የለውም፣ ያ ቦይለር ሊፈነዳ ይችላል። ሥሩ ቆሞ የሚታጠበው ደግሞ የልጅ ልጃቸው ነው።

መብራቱን አጠፋሁ፣ ወርጄ አዲስ ቫልቭ ገዝቼ መጣሁ፣ ገጠምኩ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ "ልጄ፣ አንተስ ወረቀት አለህ?" አሉኝ። "አትቀየመኝ፣ ያኛውም ልጅ እችላለሁ ብሎኝ ነበር።"

አልተቀየምኩም። እንዲያውም ሁሉም ሰው እንደሳቸው ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ሲኦሲ የሚባለውን፣ ተመዝኜ ሙያውን እንደምችል የሚመሰክረውን ወረቀቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ንግድ ፈቃድ ግን የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ለመንገር ነው ይሄን የምጽፈው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ፈቃድ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቧንቧ የሚነካ ሰው መመዘን አለበት። ብዙ ሰው የኛን ሥራ ውሃ እንዲመጣ ማድረግ ብቻ ይመስለዋል። የአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሠፈሩ በሙሉ ሮቶ የተሸከመው ለዚህ ነው። ውሃው በማይመጣበት ቀን መስመሩ ውስጥ ግፊት የለም። ግፊት የሌለው ቧንቧ ደግሞ ስንጥቅ ካለው ከውጭ ያለውን ይስባል። አጠገቡ የፍሳሽ መስመር እያንጠባጠበ ከሆነ የሚስበው እሱን ነው። ውሃው ሲመለስ ያ ሁሉ ወደ ቤት ይገባል። በ2008 ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አተት የገባ ጊዜ ሁላችንም ውሃ እያፈላን ስንጠጣ ነበር። አንድ በደንብ ያልጠበቀ መገጣጠሚያ የጎረቤትን ልጅ ሊያሳምም እንደሚችል እኔ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ስለዚህ ወረቀት ይኑር። ጥያቄዬ ወረቀቱ ለምን ይሄን ያህል ያስወጣል ነው።

እንዴት እንደተማርኩ ልንገራችሁ። በ2001 ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ቀን ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ቧንቧ ተሸክሜ ፎቅ ማውጣት ነበር ሥራዬ። አንድ አዛውንት ባለሙያ ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ ሳይ አዩኝና አንድ ቀን "ና ያዝልኝ" አሉኝ። በዚያው ረዳታቸው ሆኜ ቀረሁ። መጀመሪያ ጂአይ በሚባለው የብረት ቧንቧ ላይ ክር ማውጣት አስተማሩኝ። ዘይት አታሳጣው፣ አትቸኩል፣ ሁለት ወደፊት አንድ ወደኋላ። ፒፒአር፣ በሙቀት የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የመጣ ጊዜ ደግሞ ማሞቂያ ማሽኑ 260 ዲግሪ እስኪደርስ አስጠብቀው ጮክ ብዬ ያስቆጥሩኝ ነበር። 20 ሚሊ ሜትሩን እስከ አምስት፣ 25ቱን እስከ ሰባት፣ 32ቱን እስከ ስምንት። ቶሎ ካወጣኸው ዛሬ ይይዝና በሳምንቱ ያፈሳል። ካቆየኸው ደግሞ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል፣ ውሃው ላይኛው ፎቅ ሲደርስ ይደክማል። ገጥመህ ስትይዘው አታዟዙረው። እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሠራም እቆጥራለሁ።

ጋሼ ወረቀት አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም። በዚያን ጊዜ ማንም አልጠየቀንም።

በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ሆቴል ሁለት ፎቅ መታጠቢያ ቤት ላድስ ተስማማሁ። ዋጋ ተነጋገርን፣ ሥራዬንም አይተውት ወደውታል። ክፍያ ላይ ስንደርስ ሒሳብ ሹሟ ደረሰኝ አምጣ አለችኝ። ደረሰኝ የለኝም። ቲንስ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ? እሱም የለኝም። እሷ ምንም አላጠፋችም። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቲን ላላቀረበ ሰው ከሚከፈለው አገልግሎት 30 በመቶ ቀንሳችሁ አስቀሩ ይላል። ከመቶ ብር ሠላሳው ከተቆረጠ ለኔ ምን ይተርፈኛል? ዕቃ አለ፣ ረዳት አለ፣ ትራንስፖርት አለ። በመጨረሻ ሥራውን ፈቃድ ያለው ሰው ወሰደውና እኔ በሱ ሥር በቀን ሒሳብ ሠራሁት። እጁን ውሃ አላስነካም። እኔ በጉልበቴ ካገኘሁት እሱ በወረቀቱ ያገኘው ይበልጣል። ሰውየውን አልወቅስም፣ ወረቀት ነበረው። ያን ቀን ማታ ነው እኔም ወረቀት አወጣለሁ ብዬ የወሰንኩት።

መጀመሪያ ሲኦሲ። እዚህ ላይ መንግሥትን አመሰግናለሁ። በ2000 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት፣ ከቻለ ይመዘን ይላል። ኮሌጅ ያልገባም፣ ሳይት ላይ የተማረም፣ ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰም። ለኛ ዓይነቱ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በር ተከፍቷል። ክፍያውም ቢሆን ጣሪያ የሚነካ አይደለም።

ግን በሩ ጋ ለመድረስ ስንት ያስወጣል? የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ገንዘቡ ቀኑ ነው። ለመመዝገብ አንድ ቀን ሄደ። አንድ ወረቀት ጎድሎ ነበርና ለሱ ሌላ ቀን ሄደ። ለጽሑፍ ፈተናው አንድ ቀን። ለተግባሩ አንድ ቀን። ውጤት ለማየት ሄጄ "ነገ ና" ተባልኩ፣ ሁለት ቀን። ስድስት ቀን ማለት ነው። እኔ ጥሩ በሚባል ቀን 1,200 ብር ይዤ እገባለሁ። ስድስት ቀን ሲባዛ 7,200 ብር ነው፣ ያውም የረዳቴን ሳልቆጥር። ለምዘናው ከከፈልኩት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሄ ገንዘብ የትም ደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ ማንም ወጪ ብሎ አይቆጥረውም። የቤት ኪራይ የሚጠብቀው ሰው ግን ይቆጥረዋል።

መጀመሪያውን ጊዜ አላለፍኩም። በተግባሩ አይደለም፣ በጽሑፉ። ጥያቄው ላይ ያሉት የዕቃ ስሞች እኛ ሱቅ ሄደን የምንጠራቸው አይደሉም። የቧንቧ ማጠፊያውን ክርን ስጠኝ ብዬ በሺህ የሚቆጠር ገዝቻለሁ፣ ወረቀቱ ላይ በሌላ ስም ሲመጣ ግራ ገባኝ። ከሲንክ ሥር ያለው ሲፎን ለምን ውሃ ይዞ እንደሚቀር በተኛሁበት ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ፤ እሱ የያዘው ውሃ ነው የፍሳሹን ጋዝና ሽታ ወደ ቤት እንዳይወጣ የሚዘጋው። ግን አራት ምርጫ ተሰጥቶኝ ሰዓት ሲቆጠርብኝ እጄ ያውቀዋል እንጂ አፌ አላወጣውም። "ገና ብቁ አይደለም" ተባልኩ። ያን ወረቀት ይዤ አውቶቡስ ውስጥ ስቀመጥ ሆዴ ባባ። ከወራት በኋላ እንደገና ከፍዬ፣ እንደገና ቀን አጥፍቼ አለፍኩ። ተግባሩ ላይ መዛኙ የገጠምኩትን መስመር ውሃ ሞልቶ፣ በግፊት ይዞ፣ ብዙ ቆሞ አየው። አንድ ጠብታ አልወጣም። ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ያ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፣ በመልካም አስበዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ ቢከብድም ይቻላል። ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሲኦሲ እችላለሁ ይላል እንጂ ደረሰኝ አይሰጥም። ደረሰኝ የሚሰጠው ንግድ ፈቃድ ነው። ለንግድ ፈቃድ ማመልከቻውን ኢንተርኔት ላይ መሙላት ይቻላል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ወረፋ ቀንሷል። ፋይዳ አለኝ። ፎቶ አለኝ። ሲኦሲ አለኝ። ከዚያ "የንግድ አድራሻህን የሚያሳይ የኪራይ ውል" አሉኝ።

የምኖርበትን ቤት ውል ይዤ ሄድኩ። የካ አባዶ አንድ ስቱዲዮ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ውሉም በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት ወረዳ የተመዘገበ ነው። "ይሄ የመኖሪያ ነው፣ የንግድ አይደለም" ብለው መለሱልኝ። ልጅቷ በትሕትና ነው ያናገረችኝ፣ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። "ምን ዓይነት ቢሮ ነው የምከራየው?" አልኳት። "ሥራህን የምትሠራበት" አለችኝ።

እስቲ አስቡት። እኔ ሥራዬን የምሠራው ሰው ቤት ነው። ሽንት ቤቱ የተደፈነበት ሰው ሽንት ቤቱን ተሸክሞ ቢሮዬ አይመጣም። ሮቶው የሚያፈስ ሰው ጣሪያው ላይ ነው የምወጣለት። ሱቄ ይቺ ትከሻዬ ላይ ያለችው ቦርሳ ናት። ሁለት የቧንቧ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ መጋዝ፣ ሜትር፣ ቴፍሎን፣ የፒፒአር ማሽን። ስልኬ ነው ቢሮዬ። ደንበኛ አድራሻዬን ጠይቆኝ አያውቅም፣ ስልኬን ነው የሚጠይቀኝ።

ቢሆንም ቤት ፍለጋ ወጣሁ። መንገድ ዳር ያለ ሱቅ አይታሰብም። አንድ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄድኩ፣ ሁልጊዜ ዕቃ የምገዛው ከሱ ነው። አንድ ጥግ አከራየኝ አልኩት። ወንበር እንኳ አልፈልግም፣ ውሉን ብቻ ነው የምፈልገው። በወር 4,000 ብር፣ የስድስት ወር በቅድሚያ አለኝ። 24,000 ብር። ቁጭ ብዬ ለማልሠራበት ጥግ። ውሉን ለማጽደቅ ደግሞ ሌላ ክፍያና ሌላ ቀን። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱን ሳድስ ውሉም ይታደሳል፣ ኪራዩም ይጨምራል። ይሄ ሁሉ አንድ ቧንቧ ሳልነካ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ነገሩኝ። "ተደራጅታችሁ ኑ።" ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ብዙ ማኅበራት እንደዚያ ተቋቁመው ሥራ አግኝተዋል፣ ጥሩ ጥሩ ባለሙያም ወጥቶባቸዋል። ትልቅ ሳይት ሲኖር መደራጀት ያዋጣል። የኔ ሥራ ግን አንድ ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሰዓት ነው። አምስት ሰው ተሰብስቦ አንድ ሲንክ ሥር አይገባም። ለወረቀት ብዬ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተፈራርሜ፣ አንዱ የግብር ዕዳ ጥሎ ሲጠፋ ተጠያቂ መሆንም አልፈልግም። እንደዚያ የሆነ ጓደኛ አለኝ።

አንዳንዱ ሰው "ግብር ለመሸሽ ነው ፈቃድ የማታወጡት" ይለናል። ይሄ ያመኛል። በ2009 የቀን ገቢ ግምት የተጣለ ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጦ ሱቁን እንደዘጋ አስታውሳለሁ፣ ያ ፍርሃት ዛሬም ሰው ውስጥ አለ። እኔ ግን ካገኘሁት ላይ ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ። አሁንም እኮ እየከፈልኩ ነው። ባለ ፈቃዱ በኔ ጉልበት የሚያገኘው ትርፍ ምንድን ነው? ከኪሴ ለወጣ፣ መንግሥት ካዝና ላልገባ ገንዘብ ሌላ ስም የለኝም።

ዕቃውም አልቻል ብሏል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ሄደ። እኛ የምንገጥመው ዕቃ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ፒፒአሩ እዚህ ቢመረት እንኳ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው። ደንበኛ ዋጋ ሲሰማ ይደነግጣል። ዕቃውን መቀነስ ስለማይችል የሚቀንሰው የእጅ ዋጋዬን ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ 24,000 ብር ለባዶ ጥግ ክፈል ሲሉኝ አቃተኝ። የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። አላወጣሁም።

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቦይለር ላይ ኒፕል የገጠመው ልጅና እኔ መንግሥት ፊት አንድ ነን። ሁለታችንም ፈቃድ የለንም። ሁለታችንንም ድርጅት አያሠራንም። እሱ ስድስት ቀን አላጠፋም፣ ፈተና አልወደቀም፣ እንደገና አልከፈለም። እኔ ይሄን ሁሉ አድርጌ ከሱ ጋር እኩል ቆምኩ። ታዲያ ያን ልጅ "ሂድ ተመዘን" ስለው ምን አገኛለሁ ብሎ ይሄዳል? ልጁን አግኝቼው ነበር፣ እዚያው ሠፈር ነው የሚሠራው። ስለ ቫልቯ ነገርኩት። መጥፎ ልጅ አይደለም፣ ያሳየው ሰው የለም። ደነገጠ። ሌሎች ሁለት ቤት እንደዚያው እንዳደረገ ነገረኝና አብረን ሄደን ቀየርናቸው።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። ብቻውን የሚሠራ፣ ሰው ቤት እየሄደ የሚሠራ ባለሙያ አድራሻው የሚኖርበት ቤት ይሁን። ፋይዳ ላይ ማን እንደሆንኩ አለ፣ ወረዳው ውሌን መዝግቦታል፣ ስልኬ በስሜ ነው። ጥፋት ባጠፋ የሚፈልገኝ ሰው አያጣኝም። እንዲያውም ከባዶ ጥግ ይልቅ ቤቴ ነው የምገኘው። ቧንቧ ሠራተኛ ብቻ አይደለም ይሄ የሚነካው፤ ኤሌክትሪሺያኑም፣ ቀለም ቀቢውም፣ ዲሽ ገጣሚውም እንደኔ ነው።

ምዘናውም እሁድ ቢኖር። የጽሑፉ ጥያቄ ዕቃውን ሠራተኛው በሚጠራበት ስም ቢጽፈው፣ ወይም ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው "ይሄ ምን ይሠራል?" ቢሉን። የወደቀ ሰው የወደቀበትን ክፍል ብቻ ከፍሎ ቢደግም። ለመመዝገብ አንዴ፣ ለመፈተን አንዴ፣ በቃ። ውጤቱ በስልክ መልእክት ይምጣ። ባንኩ አሥር ብር ስትገባ መልእክት ይልክ የለ? አንድ ሠራተኛ ስድስት ቀኑ ወደ ሁለት ቢወርድለት ክፍያውን ቢጨምሩበት እንኳ አይጮህም።

ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም ቧንቧ ሠራተኛ ስትጠሩ ወረቀት ጠይቁ፣ እንደ እኚያ እናት። አንቀየምም። ቦይለር ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ሥሩን እዩት። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ትንሽ እጀታ ያላት ወይም በጎኗ ቀዳዳ ያላት ቫልቭ ከሌለች መብራቱን አጥፉና የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ስታንጠባጥብ ካያችኋት አትድፈኗት።

ረዳቴ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። እሱም ፒፒአር ሲያሞቅ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። በሚቀጥለው ወር ለሲኦሲ ይመዘገባል፣ የምዘናውን ክፍያ እኔ ይዤለታለሁ፣ ሥራ የሚፈታባቸውን ቀናትም እከፍለዋለሁ ብዬዋለሁ። ማታ ማታ የዕቃዎቹን የወረቀት ስም እያጠናን ነው። ትናንት "ካለፍኩ በኋላስ ፈቃዱን እንዴት ነው የማወጣው?" ብሎ ጠየቀኝ። የሚኖረው እናቱ ቤት ነው፣ የቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍል። መልስ አልሰጠሁትም። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ይሄን ካነበበ መልሱን በጋዜጣችሁ ላይ ይጻፍልን፣ ቆርጬ እሰጠዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቧንቧ ሠራተኛ፣ ከየካ አባዶ